ወንዙ አለት ሲያገኝ

ሰኞ
ሦስቱን የማንጎ ዛፎች ወንዙ ሌሊት ወሰዳቸው። ጠዋት ስንወጣ የሉም። እናቴ በሞተች ዓመት አባባ የተከሏቸው ናቸው። ቆመው አዩና ገቡ። ከወንዙ ዳር እስከ ቤታችን በእርምጃ ለካሁ፤ ሃያ አንድ። አምና ለማስተማር ወደ መርሳ ስመለስ ከአርባ በላይ ነበር።

ማክሰኞ
ዝናቡ አባርቷል። ከእኛ በታች አሸዋ ወደሚጫንበት ወረድኩ። እዚያ የወንዙን ወለል በቆፈሩት ቁጥር ወንዙ ከላይ ያለውን ወለል እየቆረጠ ወደ እኛ ይወጣል። ለዘጠነኛ ክፍል በየዓመቱ አስተምረዋለሁ። ወንዝ የሚወርድበት ወሰን አለው፤ እዚያ እስኪደርስ ወደ ታች ይቆርጣል። ሰሌዳ ላይ አንድ መስመር ነው።
ጎረቤታችን ሰይድ አካፋ ይዞ ይጭናል። የራሱም ማሳ እየተበላ ነው።
«አውቃለሁ» አለኝ። «ማሳው ካለቀ ታዲያ ምን ልብላ?»


ረቡዕ
ከአባባ ጋር ቀበሌ ሄድን። ዳሩን ለማጠር ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሣጥን ጠየቅን። ሽቦ የለም። ስማችንን ጻፉ። ስንመለስ አባባ መንገዱን ሙሉ እጄን አልለቀቁም። አለቀስኩ፤ አላዩኝም መሰለኝ።

ሐሙስ
ጎርፍ። አሥራ ስድስት እርምጃ። ደሴ እህቴ ጋ እንሂድ ብዬ ለመንኳቸው።
«በዚህ ዕድሜዬ ሰው ቤት እንግዳ ልሁን?»
ምሳ አልበሉም። እኔም።

ቅዳሜ
ውሃው ጎደለ። አባባ ከወንዙ ዳር ጠሩኝ፤ ፊታቸው በርቷል። የወንዙ ወለል ላይ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር አለት ወጥቷል።
«አልሐምዱሊላህ፤ ካሁን ወዲያ ወዴት ይወርዳል? ቆመ በቃ።»
ዛሬ ገና በደንብ በሉ። እኔ ግን አልበላሁም። መውረድ ያቃተው ወንዝ ወደ ጎን ዳሩን ይበላል። ይህንንም አስተምራለሁ። እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

እሑድ
ነገርኳቸው። ወንዙን እያዩ ሰሙኝ።
«እርግጠኛ ነሽ?»
«አዎ፣ አባባ።»
«ስንት ጊዜ አለን?»
«አላውቅም። ይህን ክረምት ሊያሳልፈን ይችላል። ላያሳልፈንም ይችላል።»
 ከዚያ የቤቱን ቆርቆሮ ወንዙ ሳይወስደው እንዲያወርድ ሰይድን አስጠሩት። መጥቶ ጣራው ላይ ወጣ፤ ሚስማር እየነቀለ ቆርቆሮውን ያቀብለኛል፤ አባባ ከታች ይደረድራሉ። የጓዳውን ጨርሶ ወደ መኝታው ሲሻገር አባባ ቀና አሉ።
«እሱን ተወው» አሉት። «ዛሬ የምናድርበት ነው።»