ሦስት ሰከንድ

አፉላ፣ እስራኤል፣ ኅዳር 29 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለማልረሳህ የክፍል ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ቤተሰብህ እንዴት ነው? የእማማ ጉልበት ተሻላቸው ወይ? ጎንደር ዘንድሮ ዝናቡ ሸጋ ነበር ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰው ሁሉ ደብዳቤ ሲጽፍ «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ይላል፤ እኔ ናፍቆቱንም ጨምሬ ደህና ነኝ። እማዬና አባዬም ደህና ናቸው፤ አባዬ ዕብራይስጥ የሚናገረው አሁንም ከሐኪሙ ጋር ብቻ ነው።

ሁለት ዓመት ተኩል ድምፅህን አጥፍተህ ስታበቃ እኔ በወረቀት መምጣቴ ሳይገርምህ አይቀርም። በኢሜይል ብልክልህ ወይ በአንድ ቃል ትመልሳለህ ወይ ጭራሽ አትመልስም። ወረቀት ግን እማማ ሳታነበው አይለቁህም። የምናዘዘው ነገር አለኝ፤ ከዚያ በፊት ግን ትንሽ ልኩራራብህ።

ፕለጊናችን አለች። አለች ብቻ ሳትሆን ዘንድሮ አርባ አንደኛ ቨርዥኗን አወጣሁላት። በ2002 ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ቁጭ ብለን ስንጀምራት የሚጠቀሙባት እኔና አንተ ብቻ ነበርን። ዛሬ በየት በየት አገር እንዳለች እኔም ቆጥሬ አልጨርሰውም። ከብራዚል ይጽፉልኛል፣ ከቬትናም ይጽፉልኛል፣ አንዱ በቀደም ከፊንላንድ በረዶ መሃል ሆኖ አመሰገነኝ።

እኔ ወደምሠራበት የፕላስቲክ ፋብሪካ፣ ወደ ኢንዱስትሪ ቀጠናው፣ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ የሚያደርሰን ገበያው የሚባል ሰው አለ። በሕፃንነቱ በሱዳን በኩል ታዝሎ የመጣ የጎንደር ልጅ ነው። ከፈረቃ በፊት ኮምፒውተር ላይ ምን እንደምሠራ ሲጠይቀኝ እንዲህ ብዬ አስረዳሁት፦ ፕሮግራም ሰው እጅ ከመግባቱ በፊት ይፈተናል፤ ፈታኙ ሌሎች የሠሩት ትልቅ ሶፍትዌር ነው፤ የኛዋ እሱ ላይ የምትሰካ ትንሽ ዕቃ ናት፤ እያንዳንዱ ፈተና ሲያልቅ የስክሪኑን ፎቶ ታነሳለች፤ ኋላ ሰውየው ምን እንደተበላሸ በዓይኑ ያያል። ገበያው ጥቂት አሰበና «በይ እንግዲህ ምስክር ናታ!» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሚኒባሱ ላይ ስወጣ «ምስክርሽ እንዴት አደረች፣ ሃኮል በሴደር፣ ሁሉ ደህና?» ሳይለኝ ቀርቶ አያውቅም።

ዋናው መፈተኛ በተለወጠ ቁጥር የኛዋ ትሰበራለች፤ እኔ እጠግናታለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ጊዜ አላዘገየሁም። የሚከፍለኝ የለም። እማዬ «ታዲያ ለማን ነው የምትለፊው?» ብትለኝ ወንፈል ነው አልኳት፤ ወዲያው ገባት።

አንተ ግን ከወንፈሉ ወጣህ። ስንለያይ አልተካሰስንም። አንተ «የአባቴን ሃይማኖት ለእስራኤል መግቢያ ወረቀት ብዬ አልለውጥም» አልክ፤ እኔ «እናት አባቴን ጥዬ አልቀርም» አልኩ፤ ሁለታችንም እውነታችንን ነበር። ፕለጊኗን ያለ አንዲት ቃል ስትተዋት ግን ከፋኝ። ከኔ ጋር ብትለያይ እሷ ምን አደረገችህ? ይህን ስጽፍም ይቆጨኛል።

የጻፍካቸው የኮድ መስመሮች ወደ አራት መቶ ይሆኑ ነበር። መፈተኛው በተሻሻለ ቁጥር እያረጁ፣ አንድ በአንድ እያነሳሁ በራሴ ተካኋቸው። ከአምና ጀምሮ ያንተ የሆነች አንዲት መስመር ብቻ ቀረች፤ ፎቶው ከመነሳቱ በፊት ሦስት ሰከንድ ጠብቅ የምትለዋ። መቼም አትረሳትም። የላቡ ኮምፒውተሮች ገጹን አሳይተው እስኪጨርሱ ጊዜ ስለሚፈጁ ፎቶው ባዶ ነጭ ሆኖ ይወጣ ነበር። ያችን መስመር ስትጨምር የመጀመሪያው ደህና ፎቶ ወጣ፤ ክፍሉን ሁሉ ጠርተህ አሳየህ፤ መምህራችን ሳይቀሩ መጡ።

አሁን ኮምፒውተሩም ኢንተርኔቱም ፈጥኗል፤ እሷ ግን ሁሉንም እኩል ታስቆማለች። ስድሳ ሦስት ሰው አቤቱታ ጻፈልኝ። ለስድሳ ሦስቱም «ቀርፋፋ ኮምፒውተር ያላቸው ሰዎች ያስፈልጋቸዋል» ብዬ በጨዋ ቋንቋ በሩን ዘጋሁባቸው። እልኸኛነቴን ታውቀዋለህ።

ባቡር አፉላ ከገባልን ገና ሁለት ወሩ ነው። ሐይፋ ላይ የሶፍትዌር ፈታኞች ስብሰባ አለ ሲባል ገበያው ጣቢያው ድረስ ሸኘኝና በወታደር ሻንጣ መሃል ቆሜ ሄድኩ። እዚያ ሮተም የምትባል ልጅ ፕለጊኗ የኔ መሆኗን ስትሰማ እጄን በሁለት እጇ ያዘችኝ፤ ጓደኞቿን እየጠራች አስተዋወቀችኝ። ቀን ቀን የፕላስቲክ ክዳን ጥራት የማይ የፋብሪካ ሠራተኛ መሆኔን ስነግራቸው ይብሱን ወንበር ለቀቁልኝ። ምን ልደብቅህ፣ ኮራሁ። ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

ቀጥላ ግን ሮተም እያፈረች ነገረችኝ። መሥሪያ ቤቷ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ፈተና አለው፤ በየፈተናው ሦስት ሰከንድ ሲቆም በየቀኑ አንድ ሰዓት ሙሉ በከንቱ ይሄዳል። ያች መስመር እስከሚቀጥለው ሳምንት ካልተነሳች፣ እነሱና ሌሎች አራት ድርጅቶች የፕለጊኗን ኮፒ ወስደው የራሳቸው ያደርጉታል። እነሱ ከሄዱ ሌላውም እንደሚከተል፣ የኛዋም ባዶ ቤት እንደምትሆን ገባኝ። ስመለስ ገበያው ጣቢያው ደጅ ይጠብቀኝ ነበር። ነገሩን ነገርኩት፤ «ማ ሃበዓያ? ምን ችግር አለው፣ ታዲያ አንሻታ!» አለኝ። ወሬውን ወደ ባቡሩ መለስኩት፤ እሱም አልደገመውም። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ሰንበት እንደወጣ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ከሠፈራችን ትልቅ ሰው ከአባ ሽባባው ጋር እኛ ቤት መጡ። ማን እንደላካቸው አትጠይቀኝ፤ የመጡት ግን በዚያው በሚኒባሱ ነው። አባዬ «ልጄን ልጠይቅና ማክሰኞ» ብሎ ሸኛቸው።

ሰኞ ዕረፍቴ ነበር። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ያችን መስመር አፍጥጬ አየኋት። ኑዛዜዬ ይኸውልህ። ስህተት መሆኗን ያወቅሁት ሐይፋ አይደለም። ያን ዕለት፣ ላቡ ውስጥ፣ አንተ ሰዉን ስትጠራ ነው ያወቅሁት። ሦስት ሰከንድ ቆሞ ከመጠበቅ ገጹን «ጨርሰሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይሻል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እንደዚያ ደስ ብሎህ አይቼህ ስለማላውቅ ሆድ ይፍጀው አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የኔ ዝምታ ግን ነቀዘ። ለዚያ ሁሉ ሰው የዋሸሁት ላንተ ብዬ ነው፤ እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ ለራሴ ብዬ።

አነሳኋት። በምትኳ ገጹን የሚጠይቁ ሰባት መስመሮች ጻፍኩ። አለቀስኩ፤ ፊቴን ታጥቤ ቨርዥኑን ለቀቅሁት። ለውጡ በሚገለጽበት ቦታ ላይ «ይህች መስመር በጎንደር ለነበሩ ኮምፒውተሮች የተጻፈች ናት፤ የመጀመሪያውን ፎቶ ያስገኘችው እሷ ናት» ብዬ አኖርኩልህ። የፋይሉ አናት ላይ ስምህ ከኔ ስም በፊት እንዳለ ነው፤ እሱን ማንም አይነካውም።

ከሰዓት በኋላ ሮተም ጻፈችልኝ፤ የአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሥራቸው በሃያ ደቂቃ አለቀ። ኮፒ የሚባለውም ነገር ቀረ። «ኮል ሃካቮድ» አለችኝ፤ እዚህ ለጎበዝ የሚሉት ነው። እኔ ለሁለታችን ተቀበልኩት፤ ግማሹ ያንተ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ለአባዬ መልሴን ነገርኩት። እሱም አባ ሽባባው ጋ ደወለ።

እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። እግዚአብሔር ጤና ይስጥህ፤ ቤትህን በደግ ሰው ይሙላልህ፤ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ጥር ላይ ለሁለት ሳምንት ያህል ኮምፒውተር የምነካ አይመስለኝም፤ ሙሽራ ኮምፒውተር ስትነካ እማዬም አትፈቅድም። መፈተኛው ደግሞ በዚያው ሰሞን አዲስ ቨርዥን ያወጣል፤ ፕለጊኗ መሰበሯ አይቀርም። ለሌላ ሰው አደራ መስጠት አልፈለግሁም። ኮዷን የምትከፍትበት ያንተ መግቢያ አሁንም ይሠራል፤ አንድም ቀን ዘግቼው አላውቅም።

በሥራህ የምትኮራ
የሥራ ጓደኛህ