ወንዙ ላይ ስለተዘረጋው የካፒታናችን ፊት

ለተከበሩ ካፒታን ቴዎፊሎ ማካራኢግ
የኢላያ ቀበሌ ሊቀመንበር
በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ በኩል

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ድምፅ ማጉያዎ የማይደክም፣ እንቅልፍዎም እንደ ቀበሌያችን የቆሻሻ መኪና ማንም የማይቀሰቅሰው እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት ኅሊናዬን ሲከነክነኝ የሰነበተውን አንድ በደል በሕዝብ ፊት ልናዘዝ። ባለፈው ወር በካላብሳው ወንዝ የጽዳት ዘመቻ ላይ ከውሃው ያወጣሁት አንዲት ባዶ የሻምፑ ከረጢት ብቻ ሆና ሳለ፣ የበላሁት ግን ሁለት ሳህን ፓንሲት ነው። ሁለተኛውን የወሰድኩት በአክስቴ ልጅ ስም ሲሆን፣ እሱ በዚያ ሰዓት ቤቱ ተኝቶ ያንኮራፋ ነበር። ኑድሉ ግሩም ነበር። የሚጣልብኝን ቅጣት በጸጋ እቀበላለሁ፤ በተለይ ቅጣቱ ሦስተኛ ሳህን ከሆነ።

አሁን ወንዛችንን ለማጽዳት ስላደረጉት ያላሰለሰ ጥረት በቅደም ተከተል ላመስግንዎ።

፩ኛ. ስለ ጭቃ ኳሶቹ። ቆሻሻ የሚበላ ባክቴሪያ ያለበት የጭቃ ኳስ ወንዝ ውስጥ ቢጣል ውሃው ይጠራል ብለው የሰፈሩን እናቶች ሁሉ ጭቃ ሲያስቦኩ ሰነበቱ። እኛም ድልድዩ ላይ ተሰልፈን ወረወርን። የእርስዎ ውርወራ ፎቶ አንሺው እስኪደርስ ድረስ ደጋግሞ መከናወኑን ሁላችንም በአድናቆት ተመልክተናል። ባክቴሪያዎቹ ዳይፐርና ፌስታል እንደማይበሉ ግን የነገረን አልነበረም፤ ምናልባት እነሱም ስለ ፓንሲቱ ሰምተው ሆዳቸውን ለእሱ አቆይተው ይሆናል።

፪ኛ. ስለ ጽዳት ዘመቻው። ንግግርዎ ከጽዳቱ ስለረዘመ ማንም ሰው ሥራ አልበዛበትም፤ ለዚህ ርኅራኄዎ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ፓንሲቱ የቀረበባቸው የፎም ሳህኖች በሙሉ ከሰዓት በኋላ ተከታትለው ወደ ባሕር ሲንሳፈፉ ያየ ሰው፣ እንዲህ ያለ የሚያምር ሰልፍ በቀበሌያችን ታይቶ አይታወቅም ይላል።

፫ኛ. ስለ ባነሩ። እዚህ ላይ ቀልዱን ትቼ ከልቤ አመሰግናለሁ። «የወንዛችን አዳኝ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ፊትዎ ከዳር እስከ ዳር ፈገግ ብሎ የታተመበትን ባነር፣ በዘመቻው ማግስት ነፋስ ከድልድዩ ገንጥሎ ወንዙ ውስጥ ጣለው። ዓሣ አጥማጆች የተዉት የቀርከሃ እንጨት ያዘው። ሲነጋ ፊትዎ ላይ የተጠራቀመው ቆሻሻ፣ መላው ቀበሌ በዘመቻው ካወጣው ይበልጥ ነበር! አያቴ ሎላ ፑሪንግ በመስኮት ብቅ ብላ አይታ፣ «አቤት፣ የዚህ ሰውዬ ፊት ሥራ ሲሠራ ገና ዛሬ አየሁ!» አለች። ይቅር ይበሏት፣ ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ዓይኗ ግን ደህና ነው።

ከዚያ ወዲህ እኔና ጓደኛዬ ቻርሊን ባነሩን ከቀርከሃና ከባዶ ጠርሙሶች ጋር አስረን፣ እንዲንሳፈፍ አድርገን፣ ከድልድዩ ሥር ውሃው ከሚያልፍበት ቱቦ በፊት ወንዙን አቋርጠን ዘርግተነዋል። በየማታው የተጠራቀመውን በመንጠቆ እንጎትታለን፤ ጠርሙሱን ቆራሌው ይወስደዋል። ኮረብታው ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ተራ ነገር ነው። እኛ ታች ሰፈር ግን ዓምና ቱቦው በቆሻሻ ተደፍኖ ወንዙ ቤታችን ሲገባ፣ ሎላ ፑሪንግ የስፌት መኪናዋ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ፣ አውራ ዶሮዋን ታቅፋ፣ በጀልባ እስክትወሰድ ስትጸልይ ነው ያደረችው። ዘንድሮ ስንት ዶፍ ወርዶ ወለላችን ላይ የታየው ውሃ እሷው ራሷ የደፋችው ብቻ ነው።

፬ኛ. ስለ ትእዛዝዎ። ባነሩ እስከ ቅዳሜ ከወንዙ ይነሳ ማለትዎን ሰምተናል። ምክንያቱን ስንጠይቅ እንደ ታላቅ እህት አቴ የምንላቸው ጸሐፊዎ ሉዝቪ፣ «ልጆች፣ እኔን አታድክሙኝ! እሑድ በበዓሉ የቅዱሳችን የሳን ሮኬ ሥዕል በወንዙ በጀልባ ሲወርድ ጳጳሱ አብረው አሉ። የካፒታኑ ግንባር ላይ ዳይፐር ተለጥፎ ይዩ ነው የምትሉት?» አሉን። ቻርሊንም በትሕትና፣ «አቴ፣ ዳይፐሩን እናነሳዋለን፤ ፊቱን ግን ምን እናድርገው?» ብላ ስትጠይቅ በመጥረጊያ ተሸኘን።

ክቡር ሆይ፣ ቀርከሃው በአንድ ወገን ሲፈታ እንደ በር ይከፈታል። ሳን ሮኬ ያልፋል፣ ጳጳሱ ይባርካሉ፣ እኛም መልሰን እንዘጋለን። ቅዳሜ ፊትዎን በሳሙና አሽተን እናጥባለን፤ ጥርስዎን ቻርሊን በብሩሽ ልትፍቅ ቃል ገብታለች። ችግሩ ባነሩ ከአገጭዎ በታች ተቀዷል። ስለዚህ ለበዓሉ አሳትመው የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት የሰቀሉትን፣ ፊትዎ ይበልጥ የሰፋበትን አዲሱን ባነር እንዲለግሱን እንማፀናለን። ሬዲዮው በዚህ ሳምንት ማዕበል ይመጣል እያለ ነው። ቱቦው ከተደፈነ ሎላ ፑሪንግን ዳግመኛ ጠረጴዛ ላይ ማውጣት ሊኖርብን ነው፤ ጉልበቷ ደግሞ እንደ ዓምናው አይደለም።

ጭቃ ነክቶት ከማያውቀው ጫማዎ ሥር ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ፈገግታዎን በየማታው በመንጠቆ የማጸዳ፣ በእርስዎ ዘመን ከመዋኘት በስተቀር ምንም ያልቀረብኝ ታማኝ ልጅዎ፣

ጆንሪል ፓንጋኒባን
ከድልድዩ ታች

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባነሩ የሚንሳፈፈውን ሁሉ ይይዛል። ከባለቤትዎ ወንድም የአሳማ እርባታ በቱቦ የሚለቀቀው ፍሳሽ ግን ስለማይንሳፈፍ፣ ከፊትዎ ሥር ሹልክ እያለ ያልፋል። እሱን የሚያቆም ባነር እስካሁን አልታተመም። በእሑድ ምሳ ላይ፣ ሥጋው ሲያልቅ፣ አንድ ቃል ጣል ቢያደርጉለት ምናልባት ይሰማዎት ይሆናል።

ዳግም ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ልለጥፍ ስመጣ ዶፉ ጀመረ፤ ወንዙም እየሞላ ነው። መልስዎን ለመጠበቅ ጊዜ ስለሌለ መሰላል አቁሜ ወደ አዲሱ ባነርዎ ወጥቻለሁ፤ ይህችንም መስመር የምጨምረው ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። በግራ ጆሮዎ በኩል ያለው ቋጠሮ ሊፈታልኝ ጥቂት ቀርቶታል። ክቡርነትዎ በዝናብ ከቤት እንደማይወጡ ስለማውቅ አንዳች ስጋት የለ... ይኸው፣ ከታች ጃንጥላ ይዘው የቆሙት እርስዎ ነዎት፦

«ጆንሪል! አንተ ባለጌ! በግራ በኩል አትጀምር፣ ነፋሱ ይዞብህ ይሄዳል! ቆይ፣ መሰላሉን ልያዝልህ!»