ገመዱ ሲበጠስ ያየሁት

ውድ ዋርካ፣

«ሆስፒታል ተኝቼ ከጣሪያ በቀር የማየው የለኝም፤ የመርከቧን ውሎ ጻፍልኝ» ብለህ ስለላክህብኝ ይኸው ብዕር አነሳሁ። ደጋግሜ ጀምሬ ደጋግሜ ቀደድኩት። አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ አቅቶኛል።

ውሏችንማ ያው ነው። ጠዋት ፊሽካ፣ ወለል ማጠብ፣ ሰልፍ፣ ከዚያ ዝገት መፋቅና ቀለም መቀባት። ፍቀን ሳንጨርስ የጀመርንበት መልሶ ይዝጋል። አልጋህን ለአንድ አጭር መካኒክ ሰጡት። ያንተ እግር ከአልጋው ተርፎ መተላለፊያውን ይዘጋ አልነበር? አሁንም እዚያ ስደርስ እንዳልነካህ ብዬ ወደ ጎን እላለሁ።

ዋናውን ነገር ልንገርህ። ወደቡ ላይ መርከቧን ስናስር ገመዱ ተበጥሶ ቀኝ እጅህን የመታህን ጉዳይ የሚያጣሩ መኮንኖች መጡ። አለቃችን ቀደም ብሎ ጠራኝና ትከሻዬን ይዞ፣ «ስማ ወንድሜ፣ እሱ እንደሆነ አንዴ ተጎድቷል። ገመዱ ደህና ነበር፣ ያለ ትእዛዝ የተጠጋው እሱ ነው በል። የሱን ቦታ ለአንተ አስሰጥሃለሁ» አለኝ።

«ጌታዬ፣ ገመዱ እኮ እንደ አሮጌ ሹራብ ተተልትሎ ነበር።»

«ማን አየ?»

«እሱ ራሱ አሳይቶዎታል። 'ይቀየር' ቢልዎት 'ለዛሬ አያንስም' አሉት። አጠገባችሁ ቆሜ ነበር።»

እጁን ከትከሻዬ አነሳ። «ባሕር ላይ ገና ብዙ አብረን እንኖራለን» ብሎኝ ሄደ።

አጣሪዎቹ ፊት ስቀመጥ፣ አልዋሽህም፣ ልጆቼ ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ። ግን ጥፋቱ ባንተ ላይ ቢላከክ ባዶ እጅህን ነበር የሚያሰናብቱህ። ደግሞ የዚያን ዕለት መጮህ ሲገባህ እጅህን አቅፈህ አየኸኝ። ያ አስተያየትህ አላስተኛኝም። ያየሁትን አንድ በአንድ ተናገርኩ።

በማግስቱ ወደ ኩሽና ተዛወርኩ። ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት እልጣለሁ። ምግብ አብሳዩ፣ «አንተ ሰውዬ፣ የምታለቅሰው ለሽንኩርቱ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ?» ይለኛል።

«ሽንኩርቱን አመካኝቼ ነው» እለዋለሁ።

ገበታ ላይ አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፍቷል። እኔም እንደ ቆምኩ ጎርሼ እወጣለሁ፤ ከመርከቧ ጫፍ እስከ ጫፍ እመላለሳለሁ።

ዛሬ አዛዡ አስጠራኝ። ተነሥቶ ቆሞ ነው ያናገረኝ። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ፣ ጥፋቱም ያንተ እንዳልሆነ ተወስኗል። ወረቀቱ ሳይደርስህ ከኔ አፍ ብትሰማው ብዬ ተቻኮልኩ። አለቃው ግን እዚሁ ነው፤ ሲያልፍ ዞር ብሎም አያየኝም። እንቅልፌም ገና አልተመለሰም።

ምስጋና እንዳትጽፍልኝ፣ እንጣላለን። ወደብ እንደገባን ልብሴንም ሳልቀይር ወዳንተ ነኝ። እስከዚያ በግራ እጅህ መጻፍ ተለማመድ። የዶሮ ጭረት ቢመስልም ግድ የለም፣ ያንተ ይሁን እንጂ አነበዋለሁ።

አጠገብህ ቆሞ የነበረው
ጓደኛህ