የካስቶሪያ አፈር

ውድ ልጄ ፎቲኒ፣

ስልክሽ አይነሳም፣ ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ከካስቶሪያ ትናንት ተመለስኩ። እናትሽ ከተቀበረች ሦስት ዓመት ስለሞላት፣ እንደ አገሩ ደንብ አፅሟን አውጥተን በወይን ጠጅ ልናጥብ ነበር የሄድኩት፣ ታውቂያለሽ። ትመጫለሽ ብዬ የምንሄድበትን ሁሉ በተራ አስቤ ነበር፦ መጀመሪያ ሐይቁ ዳር ያለው ገዳም፣ ቀጥሎ አያትሽ የአውሬ ፀጉር ካፖርት ይሰፉበት የነበረው ፎቅ ቤት፣ ከዚያ ዓሳ። ብቻዬን ዞርኩት። ገዳሙ ዝግ ነበር። የአያትሽ ቤት ጣራው ወርዷል፣ በመስኮቱ ዛፍ ወጥቶበታል። ዓሳውን አዝዤ አልበላሁትም።

በማግስቱ መቃብሩ ጋ ስንደርስ አክስትሽ ስታማቲያ ነጭ ጨርቁንና ንፍሮውን ይዛ ቆማለች። ቆፋሪው ሊያስ ሲቆፍር ቆየና ቀና ብሎ አባ ሲሜዎንን አያቸው።

«አባ፣ ይቺ አልፈረሰችም።»

«እስቲ ደህና አድርገህ እይ።»

«ምኑን ልይ? ፀጉሯ እንኳ እንዳለ ነው!»

እኔ ፊቴን አዙሬ ሐይቁን ነበር የማየው።

«ውሃው ነው» አልኩ። «አንደኛ መሬቱ ጭቃ ነው። ሁለተኛ ያ ሁሉ የወሰደችው መድኃኒት። ሦስተኛ...» ሦስተኛው ጠፋኝ።

ስታማቲያ ጨርቁን አጣጠፈችው። «ሦስተኛውን እኔ ልንገርህ፣ ፓንዴሊስ? እህቴን የረገማት አለ። የረገማት ይቅር ሳይላት አፈር አይበላትም። ያቺ ልጅህ ናት አይደል? ለምን አልመጣችም?»

ፎቲኒ፣ እናትሽ ለሠርግሽ አልመጣም ያለችሽ ቀን አጠገቧ ነበርኩ። በስልክ «አፈር አይብላሽ!» ስትያት ሰምቻለሁ። ስልኩን ዘጋችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ከእኔ በቀር የሰማ የለም።

«እኔ ነኝ የረገምኳት» አልኩ።

«ያን ሁሉ ዓመት አብረሃት ተኝተህ? አንተ እባብ!»

«ስታማቲያ፣ ተይ፣ መቃብር ላይ ነን» አሉ አባ ሲሜዎን። ወደ እኔ ዞሩ። «ና ልጄ፣ ጠጋ በል። ይቅር በላት።»

ይቅር ብዬሻለሁ አልኳት። ያላጠፋችብኝን። ሊያስ አፈሩን መለሰባት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ይከፈታል ተባለ። ስታማቲያ ንፍሮውን ለቆፋሪው ሳይቀር አደለች፣ እኔን አልፋኝ ሄደች። ከእንግዲህ ካስቶሪያ የሚያስገባኝ ደጅ የለም።

እኔ እንደዚህ ባለ ነገር አላምንም፣ ታውቂኛለሽ። ግን ፈራሁ። በተውሶ አፍ እርግማን የሚፈታ አይመስለኝም። ነይ ብዬ አልለምንሽም። እዚያው ባለሽበት፣ ሳህን እያጠብሽም ቢሆን፣ አንድ ጊዜ ድምፅሽን አውጥተሽ ይቅር በያት። ለእኔ አትንገሪኝ፣ አልጠይቅሽም።

ይቅር እንደማትያት አውቃለሁ። እሷም አልጋ ላይ ሆና፣ እጇን ይዤ ስለምናት፣ ይቅርታ የሚል ቃል ሳይወጣት ነው የሞተችው። የእሷው ልጅ ነሽ።

አባትሽ ፓንዴሊስ