ከነጩ አንሶላ ሥር ስለተገኘው ጥቁር ሰሌዳ

ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.
መካነ ኢየሱስ፣ እስቴ

ለክቡር የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ መምህራንዎ፣ የግቢዎ በር ቁልፍ ሳይቀር፣ ሁላችሁም በጤና እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ የአምላክ ቸርነት አልተለየንም፤ በሬዎቻችንም እርሻ ላይ ናቸው።

የጎረቤቴን የወይዘሮ ካሰችን ልጅ አስማረን እርስዎ ስለሚያስተምሩላቸው፣ የእርሳቸውን ወሬ ሳላደርስ ወደ ጉዳዬ ብገባ ነውር ይሆንብኛል። ይዟቸው የነበረው የጉልበት ሕመም ጠበል ከተጠመቁ ወዲህ ቀለል ብሎላቸዋል፤ ቅዳሜ ገበያ ደርሰው ተመልሰዋል። ትልቋ ልጃቸው ወንድ ልጅ ወልዳ ክርስትናውን በልተናል። ሕፃኑ አያቱን ይመስላል ይላሉ፤ እኔ ገና ማንንም ሲመስል አላየሁትም፣ ብቻ ሳንባው ጠንካራ ነው። አስማረ ለጥምቀት የላከው ፎቶግራፍም ከግድግዳቸው አልወረደም። ፎቶግራፉን ሳያውቁት አይቀሩም፦ ልጁ ክራባት አስሮ፣ ነጭ አንሶላ ከተነጠፈባት፣ ትራሷ እንደ ደመና ከተነፋች አልጋ አጠገብ ቆሞ የተነሣው ነው።

እንግዲህ ሳላስበው ወደ ጉዳዬ ገብቻለሁ፤ ጉዳዬ ያች አልጋ ናትና።

ስሜ አልጣሽ ይባላል። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ የፊደል ስሕተት ቢያገኙብኝ አይቀየሙኝ፤ ልጄን ውባለምን ተቀብለው ካስተማሩልኝ እሷ ታርመኛለች። ልጅቷ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍልን ትጨርሳለች፤ መምህራኖቿም ለእርስዎ ማሠልጠኛ መርጠዋታል። ሆኖም እስከ መጋቢቱ ጉብኝታችን ድረስ ቤታችን እንዲህ በሐሳብ ተከፋፍሎ ነበር። ባለቤቴ አቶ ጥጋቡ ያንን ፎቶግራፍ ባየ ቁጥር «ልጄን እዚህች አልጋ ላይ ሳላስተኛት እኔ ጥጋቡ አይደለሁም!» ይላል። የንስሐ አባታችን ቄስ ገብረ ሚካኤል ደግሞ የአስኳላ ትምህርት ጾም ያስገድፋል ብለው አጥብቀው ይቃወማሉ። ውባለም ራሷ «የሰው ልጅ ሲንጫጫ ራሴን ያመኛል፤ አስተማሪ አልሆንም» ብላ ፊቷን አዙራለች። እኔ ማን እንደሚያሸንፍ ቁጭ ብዬ እጠብቅ ነበር።

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት በእኛ አገር ልጅ ከመሰጠቱ በፊት የሚሰጥበት ቤት ይታያል። ጎተራው መታ መታ ይደረጋል፣ የአማቲቱ ፊት ይጠናል፣ ውሻው በእንግዳ ላይ እንዴት እንደሚጮኽ ሳይቀር ይደመጣል። ትምህርት ቤትም ልጅ የሚሰጡት ቤት ነውና፣ «ወላጆች መጥተው እንዲጎበኙ» ብለው የላኩት ጥሪ ሲደርሰን፣ እንዴት ያለ ወግ የሚያውቅ ሰው ነው ብለን መርቀንዎት፣ አራታችንም ተነሣን። ያየነውንም ከነምስጋናዬ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አቀባበልዎ። እስከ ደብረ ታቦር በበቅሎና በእግር፣ ከዚያ ወዲያ በጭነት መኪና እህል ላይ ተቀምጠን ስንደርስ፣ ዘበኛዎ «ጉብኝት ከሰዓት በኋላ ነው፤ እስከዚያ አቧራችሁን አራግፉ» ብሎ ከበር ውጭ አቆየን። እግዜር ይስጥልን፤ አቧራችን ተራግፎ አልቆ የበርዎን ቀለም ስናደንቅ ቆየን። እውነትም ያማረ ቀለም ነው። እንዲያ ያለ ቀለም የተቀባ በር ምነው ይከፈታል ብዬ ለራሴ ዘበኛውን ይቅርታ አደረግሁለት።

ሁለተኛ፣ ስለ ወጥ ቤትዎ። ጥላ ፍለጋ አጥሩን ስንዞር በወጥ ቤቱ በኩል ክፍት ቦታ አግኝተን ገባን። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነውና ቄስ ገብረ ሚካኤል የመጡበት ዋና ነገር እሱ ነበር፤ ወጥ ቤቱ በአደራ እንደ ተሰጣቸው ሰው በመቋሚያቸው ጫፍ የድስት ክዳን ከፈት እያደረጉ ማሽተት ጀመሩ።

«ልጄ፣ ይህን ወጥ ቅቤ ነክቶታል?» ብለው ወጥ ሠሪዋን ጠየቋት።

«አባቴ፣ ምን ቅቤ!» አለች እጇን በመቀነቷ እየጠረገች። «ቅቤ እዚህ ቤት ለፋሲካም በሩቁ ነው የሚያልፍ። እኛ ጋ ጾሙ ቢፈታም አይፈታም።»

ቄሳችን መስቀላቸውን አውጥተው ሴትዮዋን፣ ድስቱንና ምሰሶውን ባረኩ። «ተሳስቼ ነበር፤ ይህስ ገዳም ነው» አሉ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው ያየኋቸው ጥቂት ቀን ነው። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ስለ ጠፋው ቅቤ ምስጋናዬን ይቀበሉ፤ አንድ ተቃዋሚ ያለ ምንም ድካም አስታረቁልን።

ሦስተኛ፣ ስለ አልጋዋ። ከሰዓት በኋላ ጸሐፊዎ አቶ ሥዩም መጥተው በእጃቸው አለንጋ ይዘው «በዚህ ብቻ፣ በዚህ ብቻ» እያሉ መሩን። በመጨረሻ አንድ ክፍል ከፍተው «ይህች የተማሪ አልጋ ናት» አሉን። ባለቤቴ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ባርኔጣውን አወለቀ። ያችው ናት፤ ነጯ አንሶላ፣ የተነፋችው ትራስ። እኔም ከደስታዬ ብዛት የሚደረገውን አደረግሁ። ሽማግሌ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል፤ አልጋ ደግሞ የክብር እንግዳ መቀመጫ ነው። «አባታችን፣ አረፍ ይበሉ እንጂ» ብዬ ቄስ ገብረ ሚካኤልን ክንዳቸውን ይዤ አስቀመጥኋቸው። አቶ ሥዩም «ኧረ እሷ አይቀመጡባትም!» ብለው ሲጮሁ ሰምቻለሁ፤ ትሕትና መስሎኝ ነው።

ጓ! አለ። የቄሳችን እግር ወደ ሰማይ፣ ጥምጥማቸው ወደ በሩ። «በስመ አብ!» እያልን ስናነሣቸው፣ ከአንሶላው ሥር የወጡት ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ እቅፍ ድርቆሽና በወንበሮቹ ላይ የተጋደመ ትልቅ ጥቁር ሰሌዳ ነበሩ። ድምፁን ሰምተው ከጎረቤት ክፍል መምህር ታፈረ የሚባሉ ሰው እየሮጡ መጡ። ለወደቁት ቄስ የሚደነግጡ መስሎኝ ነበር።

«ሰሌዳዬ!» አሉ። «ከጥቅምት ጀምሮ ተሰረቀ ብዬ ዘበኛውን የከሰስሁት ሰሌዳዬ!»

ከዚያ ሁለት ተማሪ ጠርተው፣ ድርቆሹ እንደተጣበቀበት አሸክመውት ሄዱ። የጎረቤቴ ልጅ አስማረ በመስኮት በኩል አፉን በሁለት እጁ አፍኖ ቆሞ ነበር። እናቱን ስነግራቸው ወይዘሮ ካሰች ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እኔ ልጄ ከአልጋው አጠገብ ቆሟል አልሁ እንጂ መቼ ተኝቶበታል አልሁ?»

አራተኛው ወቀሳ ሳይሆን እውነተኛ ምስጋና ስለሆነ እንዳይደነግጡ። ልጄ ውባለም ሰሌዳው የት እንደሚሄድ ለማየት ተከትላው ሄደች። በዚያኛው ክፍል አበራሽ የምትባል የስማዳ ልጅ፣ የወገዳ ተወላጅ፣ ማስተማር ለመለማመድ የከተማውን ሕፃናት ሰብስባ በከሰል ግድግዳ ላይ እየጻፈች ታስተምር ኖሯል። ሰሌዳው ሲገባ ድርቆሹን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ማቆሚያ ብታጣ ወደ በሩ ዞረች። «አንቺ የቆምሽው፣ ምን ታይኛለሽ? ነይና ያዥልኝ!» አለቻት። ውባለምም ሰሌዳውን ደግፋ እስከ ትምህርቱ መጨረሻ ቆመች። ስትወጣ ፊቷ፣ ክንዷ፣ ቀሚሷ ሁሉ ጠመኔ ነው።

«እማዬ» አለችኝ፣ «ያች ልጅ እኮ እንደኔው የባላገር ልጅ ናት። ያ ሁሉ የከተማ ልጅ ግን ትንፋሹን ይዞ እሷን ነው የሚያይ!»

ከዚያን ቀን ወዲህ የጎረቤት ልጆች በቤታችን ዙሪያ በሰላም መጫወት አልቻሉም፤ እየሰበሰበች አውድማ ላይ አስቀምጣ ታስቆጥራቸዋለች። ራሷን ያማት የነበረው የልጅ ጩኸትም ከራሷ ወጥቶ ወደ እኔ ራስ ተዛውሯል።

አምስተኛ፣ ስለ ተዘጋው በር። አልጋዋ ከወደቀች በኋላ ባለቤቴ ባርኔጣውን መልሶ አደረገና «እንግዲህ ሴቶቹ ልጆች በእውነት የሚተኙበትን አሳዩኝ» ብሎ አቶ ሥዩምን በትሕትና ጠየቀ። እርሳቸውም «እሱ በጉብኝቱ ፕሮግራም ላይ የለም» አሉት። ወደ እርስዎ ቢሮ ብንመጣ እርስዎም ከበረንዳው ላይ ሆነው ጨብጠውን፣ ስለ ዘመናዊ ትምህርት ጥቅም ያማረ ንግግር አድርገውልን፣ ወደ ውስጥ ገቡ። ንግግሩ ደስ ብሎናል፤ ልጅ የሚተኛበት ነገር ግን አልነበረበትም።

ስንመለስ ጥጋቡ ደብረ ታቦር ላይ ከጭነት መኪናው ወርዶ የበቅሎውን ኮርቻ አጠበቀ። ከዚያ «አልጋዋ የታየችው ውሸት ስለሆነች ነው። የተደበቀው ታዲያ ምን ቢሆን ነው?» አለ። ቄስ ገብረ ሚካኤል ከበቅሎ ላይ ሆነው «ጥጋቡ፣ እኔ እዚሁ አገራችን ቤተ ልሔም ድጓ ስማር አልጋ የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅ፤ ሣር ላይ ተኝቼ ነው ዜማው የገባኝ» ቢሉት፣ «አባቴ፣ እርስዎ ወንድ ነዎት» ብሎ መለሰላቸው።

እንዲህ ሆነን ተመለስን ክቡር ሆይ። ስንሄድ የጓጓው አባት እምቢ ባይ፣ ስንሄድ የተቃወሙት ቄስ ደጋፊ፣ ስንሄድ ያኮረፈችው ልጅ ደግሞ ካልሄድሁ የምትል ሆነው ነው ወደ ቤታቸው የገቡት። ባለቤቴን ባለጌ አድርገው እንዳይቆጥሩት፤ ምንጣፍ አላማረም ብሎ አይደለም። ልጃችን እኛም ቤት የምትተኛ የበሬ ቆዳ ጀንዲ ላይ ነው። እሱ ማወቅ የሚፈልገው በሩ ከውስጥ ይቆለፍ እንደሆነ፣ ማታ ልጅ ብትታመም የምትጠራት ሴት ትኖር እንደሆነ፣ ይህን ብቻ ነው። «ይህን ሳላይ ልጄን አልሰጥም» ብሏል፤ ቃሉንም አያጥፍም። ልጄም ይህን ስለምታውቅ ማታ ማታ ትራሷ ሲረጥብ አያለሁ፤ ጠዋት ግን ስቃ አውድማው ላይ ትወጣለች።

ስድስተኛ፣ ስለ ማስታወቂያዎ። ከፋሲካ በኋላ በትምህርት ቤታችን በር ላይ የተለጠፈውን አንብበናል፤ «ወላጆች የትምህርት ቤቱን ንብረት ስለሚያበላሹ ከእንግዲህ ጉብኝት ከቢሮው በረንዳ አያልፍም» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ንብረት ያሉት ሰሌዳውን ከሆነ አልተበላሸም፤ ከእንቅልፉ ተነሣ እንጂ። በግቢዎ ውስጥ ነጭ አንሶላ ለብሶ ሲተኛ ያየነው እሱን ብቻ ስለሆነ ብንቀሰቅሰው ወንጀል አልመሰለንም። አስበውበት ከሆነ ግን ልነግርዎ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፦ ልጄን ያስወደዳት የሸፈኑት አልጋ አይደለም፤ ያልሸፈኑት ያ በከሰል የጠቆረ ግድግዳና ያች የስማዳ ልጅ ናቸው። ያለዎትን እንዳለ ቢያሳዩን ኖሮ ዛሬ ይህን የሚያህል ደብዳቤ አንብበው ዓይንዎ ባልደከመ።

የምለምንዎትም ትንሽ ነገር ነው። ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው፣ ለአንድ አባት አንድ በር ይክፈቱለት። ሣርም ይሁን ጀንዲ፣ እውነተኛውን ያሳዩት። እርስዎ ማስታወቂያዎን ለሕዝብ እንዳደረጉት እኔም ደብዳቤዬን ለሕዝብ አድርጌ፣ አንድ ቅጂ ከማስታወቂያዎ ጎን እንዲለጠፍ ሰጥቻለሁ፤ ብቻውን ብርድ እንዳይመታው።

ዕድሜና ጤና፣ ለበርዎም የሚዞር ቁልፍ እየተመኘሁ፣ ከጥላው እስከ በረንዳዎ ድረስ ላደረጉልን መስተንግዶ ሁልጊዜ ባለ ዕዳዎ የሆንሁ፣

አልጣሽ፣ የውባለም እናት

ከፈረምሁ በኋላ የጨመርሁት፦ ይህን ጽፌ ሳሽገው ከስማዳ ወደ ገበያ የመጡት ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ጎራ ብለው ሙሉውን አስነበቡኝና «እኔም የደረሰች ልጅ አለችኝ፤ ስትሄዱ ጥሩኝ፤ ድስቱን እናንተ ካያችሁ እኔ የመጸዳጃውን ጉድጓድ አያለሁ» ብለው ሄዱ። ቀጥላ ውባለም ገብታ «እማዬ፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ አትላኪው! ሰውየው ተቆጥቶ ስሜን ይሰርዘዋል» ብላ እጄን ያዘችኝ፤ እኔም እውነት ለመናገር ወደ ኋላ አልሁ። አባቷ ከእርሻ ገብቶ በር ላይ ቆሞ ይሰማን ኖሯል። «ላኪው አንቺ» አለኝ ሞፈሩን እያስደገፈ። «በሴት ወይዘሮ ደብዳቤ ተቆጥቶ የልጅ ስም የሚሰርዝ ከሆነ፣ እዚሁ ቁጭ ብለን ቤቱን አየነው ማለት ነው። ስቆ ከመለሰልሽ ግን መኝታ ቤቱን ማየቴ ቀርቶ፣ ስንቋን ተሸክሜ እኔው ራሴ አደርሳታለሁ።»