ወንበር ፈታኟ ልብስ ሰፊ፦ የእትዬ ፍሬን የሕይወት ታሪክ

ሰፈሩ ሁሉ “እትዬ ፍሬን” የሚላቸው ልብስ ሰፊ፣ የዛሬ ስልሳ ስምንት ዓመት ከመጋዘን ጠባቂ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ከሐዲዱ ማዶ ባለች አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ለመንደሩ ምጥ ሁሉ የሚደርሱት እናታቸው፣ ለራሳቸው ምጥ ሰው አጥተው ብቻቸውን ተገላገሉ። እትዬ በሦስት ዓመታቸው ትኩሳት ያዛቸውና ሁለቱም እግሮቻቸው አልታዘዝ አሉ። አባታቸው በጀርባቸው እያዘሉ እስከ ስምንተኛ ክፍል አስተማሯቸው። የዘጠነኛ ክፍል መማሪያው ፎቅ ላይ ሆነና ትምህርቱ እዚያ ላይ ቀረ።

በአሥራ ስድስት ዓመታቸው በእጅ የሚዞር የስፌት መኪና ተገዛላቸው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ ምክር ሳይጨመርለት አይወጣም ነበር። በሃያ ስድስት ዓመታቸው ከመጽሐፍ ጠራዥ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በሞት ተለዩአቸው።

ከስድስት ዓመት በፊት የቴክኒክ ኮሌጅ ተማሪዎች የአረጋውያንንና የአካል ጉዳተኞችን ዊልቸር፣ ክራንችና መራመጃ በበጎ ፈቃድ መጠገን ጀመሩ። የእትዬንም ባለ ጎማ ወንበር ጠግነው፣ ቀለም ቀብተው መለሱላቸው። በመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ከዳቸው፤ ያቆማቸው የዳቦ ቤቱ ግድግዳ ነው። ለካ ልጆቹ ፍሬኑን የሞከሩት ሰው ሳይቀመጥበት ኖሯል። በማግስቱ ክንዳቸው እንደተላጠ ወርክሾፑ ድረስ ሄደው፣ “ልጆቼ፣ ባዶ ወንበር ፍሬን ምን ያደርግለታል? ሰው አስቀምጡበት እንጂ!” አሉ። ተቀማጯም እሳቸው ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ወንበር፣ እትዬ ተቀምጠውበት በወርክሾፑ ደጅ ካለው ተዳፋት መሃል ፍሬን ሳይዙ ለባለቤቱ አይሰጥም ነበር። ታናሽ ወንድማቸው፣ “እትዬ፣ አርፈሽ ብትሰፊ ምናለበት?” ባላቸው ቁጥር፣ “አንተ ደግሞ ከነፍርሃትህ ልታረጅ ነው!” እያሉ ይስቁበት ነበር።

እትዬ በሽታ የሚባል አልነበረባቸውም። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የልጃቸውን ቀሚስ ቁልፍ ተክለው፣ ቀልደው ነው የወጡት። ረፋድ ላይ የአንድ ጡረተኛ ፖስተኛ ወንበር ሲፈትኑ፣ ተዳፋቱ መሃል ላይ ልባቸው ቆመ። ቤተሰቡ እስከዚህች ሰዓት ድረስ አላመነም። ጠዋት የተሰናበቱትን ሰው ከሰዓት በኋላ አስከሬኑን ውሰዱ ሲባሉ ማን ያምናል?

ወንድማቸው ክው ብሎ ሆስፒታል ሲደርስ በሩ ላይ ተማሪዎቹን አገኘ። በሰው ፊት፣ “እናንተ ናችሁ የገደላችኋት!” አላቸው። ሐኪሙ እትዬ ከወንበሩ እንዳልወደቁ፣ የሞቱትም በድንገተኛ የልብ ሕመም እንደሆነ ቢነግረው አሻፈረኝ ብሎ ወደ ወርክሾፑ ሄደ። ወንበሩ ማንም ሳይነካው ተዳፋቱ መሃል እንደቆመ ነበር። ሁለቱም ፍሬኖች ተይዘዋል። ባለ በሌለ ኃይሉ ቢገፋው ንቅንቅ አላለም። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ያ ወንድም ነው። ተማሪዎቹ በእሱ ቃል ምክንያት ወርክሾፑን ዘግተው ቁልፉን ለኮሌጁ እንደመለሱ ሰምቷል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና የተናገረውን መልሶ ሊውጠው አይችልም። በሰው ፊት የበደላቸውን ግን ዛሬ በዚህ ሥርዓተ ቀብር ላይ፣ በሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቃቸዋል። ልጆቹ እህቱን አልገደሉም፤ የሠሩት ፍሬን እትዬን እስከ መጨረሻው ይዟቸዋል።

እትዬ አንዲት ልጃቸውን፣ አንድ ታናሽ ወንድማቸውንና ሃያ ሦስት ተማሪዎችን ትተው አርፈዋል። አጥሩ ጋ ተጠግታችሁ የቆማችሁ ልጆች፣ የሐዘንተኛው ቦታ እዚያ አይደለምና ወደ ፊት ኑ፤ ከቤተሰቡ ጋር ቁሙ። ፈጣሪ የእትዬን ነፍስ በደግ ስፍራ ይቀበልልን። ነገ ጠዋት ወርክሾፑን ክፈቱ፤ ፖስተኛው ወንበራቸውን እየጠበቁ ነው።