ከእንግዳ መኪና ኋላ ስለ ደፋሁት አንድ ባልዲ ውሃ

ለተከበሩ የወረዳችን የቱሪስት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ለቱንጃይ ቤይ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ ከዚያ ለስላሳ ወንበር ጋር ተስማማ? እኔ የላይኛው ጪናር መንደሩ ዱርሙሽ፣ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምናገረውን የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ጡረተኛዋ መምህርት ኔርሚን ናት። ቃሉ ግን የኔ ነው፤ የሚከስ ካለም እኔን ይክሰስ።

ባለፈው መኸር ደብተርዎን ይዘው ቤቴ ድረስ በመምጣት፣ ሰባት ብርጭቆ ሻይ እየጠጡ፣ «የውጭ እንግዶች ወጋችንን አውቀው እንዲመጡ መጽሐፍ ላወጣ ነው፤ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም» ስላሉኝ ያለኝን ሁሉ ዘርግፌ ነገርኩዎ። መጽሐፉ ታትሞ መንደራችን ደርሷል፤ መምህርቷም አነበበችልኝ። ስላከበሩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጥቂት ነገር ብቻ ከንክኖኛል።

አንደኛ፤ ሻይ የበቃው ሰው ማንኪያውን በብርጭቆው አፍ ላይ ያጋድማል ብዬዎት ነበር። እርስዎ «ሻይ ካልፈለጉ ማንኪያውን ያጋድሙ» ብለው ስላሳጠሩት፣ እንግዶቼ ገና ሳልቀዳላቸው ማንኪያ ያጋድሙብኛል። ድካሜን ስለቀነሱልኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ «ቤት ሲገቡ ጫማዎን ያውልቁ» ብለዋል፤ እውነት ነው። «ነገር ግን ከዓይንዎ አይለዩት» የሚለውን ከማን ሰሙት? ባለፈው ሳምንት አንድ ግዙፍ ሰውዬ ጫማውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ምንጣፌ ላይ ተቀምጦ ዋለ። በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ የጫማ ሌባ መሆኔን ከመንግሥት መጽሐፍ ተረዳሁ።

ያቃጠለኝ ግን ሦስተኛው ነው፤ ገጽ ዘጠኝ። «በአንዳንድ መንደሮች ሽማግሌዎች በሚሄድ መኪና ላይ ውሃ ይደፋሉ፤ መስኮት ይዝጉ፣ ለፖሊስ ያሳውቁ» ይላል። ቱንጃይ ቤይ፣ ከመንገደኛ ኋላ ውሃ የምናፈሰው፣ እንደ ውሃ ያለ እንቅፋት ሄዶ እንደ ውሃ እንዲመለስ መሆኑን እርስዎ አያውቁም ብል ማን ያምነኛል? ሆላንዳውያን ባልና ሚስት ሦስት ቀን ቤቴ አርፈው ሲሄዱ፣ እንደ ወጉ ባልዲዬን ከኋላቸው ደፋሁ። ከሰዓት በኋላ ከፖሊስ ጋር መጡ።

«አጎቴ ዱርሙሽ፣ ምን ነካህ? ውሃውን ለምን ደፋህባቸው?» አለኝ ሳጅኑ።

«እንዲመለሱ ነዋ!»

«በል እንግዲህ፣ ይኸው ተመለሱልህ!» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ትናንት አጠገቤ ተቀምጣ ባቄላ ስትፈለፍል የዋለችው ሚስትየዋ ዛሬ ዓይኔን ለማየት ፈራች።

ሚስቴ ጉልሱም ካረፈች ወዲህ እዚህ ቤት የሰው ድምፅ የሚሰማው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነበር። አሁን መኪኖቹ መስኮታቸውን ዘግተው በደጄ ያልፋሉ። ስለዚህ ገጽ ዘጠኝ ተቀዶ እንዲወጣና በምትኩ እውነቱ እንዲጻፍ በትሕትና እጠይቃለሁ። «በትሕትና» የሚለውን የጨመረችው መምህርቷ ናት።

የሰባት ብርጭቆ ሻይ አስተናጋጅዎ፣ የመጽሐፍዎ ምንጭ፣ የወረዳው አደገኛ ውሃ ደፊ፣
ዱርሙሽ (የአውራ ጣቴ አሻራ ከስሜ ጎን አለ)

ከአሻራው በኋላ የታከለ፦ መምህርቷ «ኧረ ይተዉ አባባ፣ ይሄንንስ አልጽፍም» ብላኝ ነበር። «ጻፊ» አልኳት። ቱንጃይ፣ «ቤይ»ና «እርስዎ» ማለት በቃኝ። ከዚሁ ከመንደራችን ለትምህርት ወደ አንካራ የሄድክ ቀን እናትህ ታማ ተኝታ ነበርና፣ እስከ አውቶቡሱ ሮጣ ከኋላህ ውሃ ያፈሰሰችልህ ጉልሱም ናት፤ ግማሹ ቀሚሷ ላይ ፈሶ ነበር። አንተም በመስኮት ብቅ ብለህ እጅህን ታውለበልብላት ነበር። ይኸው ተመለስክ። ዘንድሮ እድገት አግኝተህ ዳግመኛ ወደ አንካራ ልትሄድ ነው አሉ። መንገድህ በደጄ ነው። መስኮት ለመዝጋት አትቸገር፤ ባልዲው ደረቅ ነው።